ከሰው ቁመት የሚያልፍ ቲማቲም ያለ ኬሚካል በደጅ ማሳደግ

2 ሜትርና ከዚያ በላይ ወጥቶ ለወራት ሳያቋርጥ ዘለላ የሚያወርድ ቲማቲም ሲያይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማዳበሪያው ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ስለ ጉድጓዱ ነው። ከላይ የሚታየው ተክል ሥሩ ከታች ካገኘው ቦታ፣ አየርና የማይቆራረጥ እርጥበት በላይ ሊያድግ አይችልም። ኬሚካል ማዳበሪያ የማይጠቀም ሰው ደግሞ ጉድለቱን በኋላ በፈጣን መድኃኒት የሚሞላበት መንገድ ስለሌለው፣ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ችግኙ ከመተከሉ በፊት ያልቃል።

ዝርያው

ቲማቲም በአስተዳደጉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ቁመቱ የተወሰነ ነው፤ ከ60 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ ይቆማል፣ ፍሬውንም በአንድ ሰሞን ያደርሳል። ሮማ ቪኤፍ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ጫፉ የማያቆም ነው፤ ውርጭ ወይም በሽታ እስኪያስቆመው ድረስ ይወጣል። ሳን ማርዛኖ፣ ብራንዲዋይን፣ ቸሮኪ ፐርፕልና አብዛኞቹ ቼሪ የሚባሉት ትንንሽ ቲማቲሞች እንዲህ ናቸው። ቁመቱ የተወሰነውን ዝርያ የቱንም ያህል ቢንከባከቡት ግዙፍ አይሆንም፤ ስለዚህ ዘሩን ሲገዙ አስተዳደጉን ይጠይቁ።

በዘር ከረጢት ላይ ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፉት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። ቪ ቨርቲሲሊየምን፣ ኤፍ ፉዛሪየምን (ሁለቱም ተክል የሚያጠወልጉ ፈንገሶች ናቸው)፣ ኤን የሥር ኔማቶድን (ሥር ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ትል)፣ ቲ ደግሞ የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስን የሚቋቋም ማለት ነው። ከዚህ በፊት ቲማቲም፣ ድንች ወይም ቃሪያ በጠወለገበት መሬት ላይ የሚተክል ሰው ኤፍ እና ኤን የሌለበትን ዘር ባይሞክር ይሻለዋል።

ብስባሹ

ጥሩ ብስባሽ ለማዘጋጀት ቢያንስ 3 ወር ያስፈልጋል። ክምሩ በየጎኑ ከ1 ሜትር ካነሰ ሙቀቱን መያዝ አይችልም። በመጠን 2 ወይም 3 እጅ ደረቅ ነገር (ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተከተፈ አገዳ) ከ1 እጅ እርጥብ ነገር (ትኩስ ሣር፣ የአትክልት ልጣጭ፣ ፍግ) ጋር በስስ በስሱ እየደረቡ ይከምሩ። ሲከምሩ ውሃ ያርከፍክፉ። ከመሃሉ አንድ ጭብጥ አውጥተው ሲጨምቁት ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ በቂ ነው። ውሃው ከወረደ በዝቷል፤ ምንም ካልወጣና ጭብጡ ከተበተነ ደርቋል።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የክምሩ መሃል ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት። የአረም ዘርና አብዛኛውን የበሽታ ተሕዋስያን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የብረት ዘንግ መሃሉ ድረስ ሰክቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ያውጣውና ጫፉን ይንካ፤ ይዞ ለመቆየት የሚያስቸግር ከሆነ ሙቀቱ ደርሷል። ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር የውጪውን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጪ እያደረጉ ይገልብጡት። የማይገለበጥ ክምር ዳር ዳሩ ሳይሞቅ ስለሚቀር እዚያ ያለው የአረም ዘር በሕይወት ይተርፋል። አፍንጫ የሚቆጠቁጥ የሽንት ሽታ ካለው እርጥቡ በዝቷልና ጭድ ይጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ አየር አጥቷልና ወዲያውኑ ይገልብጡት። የደረሰ ብስባሽ አፈር አፈር ይሸታል፣ ከምን እንደተሠራ አይለይም፣ ቢገለብጡትም ዳግም አይሞቅም።

ፍግና ጭድ ከሌላ ሰው የሚቀበሉ ከሆነ አንድ ከባድ አደጋ አለ። አሚኖፒራሊድና ክሎፒራሊድ የሚባሉ የአረም ማጥፊያዎች በግጦሽ መሬት ላይ ከተረጩ በኋላ በከብቱ ሆድ አልፈው፣ በብስባሹም ሙቀት ሳይጠፉ ሊቆዩ ይችላሉ። ቲማቲም ለእነዚህ ኬሚካሎች እጅግ ስስ ነው፤ ጥቂት ቅሪት እንኳ ቅጠሉን ያጣምመዋል፣ እድገቱንም ያቆመዋል። ስለዚህ ብስባሹን ከንጹሕ አፈር ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው በ3 ወይም 4 ጣሳ ባቄላ ይዝሩበት። ጎን ለጎን ብስባሽ በሌለው አፈር ላይም እንዲሁ ይዝሩ። ከ3 ሳምንት በኋላ በብስባሹ ላይ የበቀለው ቅጠሉ ከተጠቀለለና አዲሱ ጫፍ ከተጣመመ፣ ሌላኛው ግን ደህና ከሆነ፣ ያን ብስባሽ ወደ ጉድጓዱ አያስገቡት። ይህ ፈተና ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያድነው ግን ሙሉ ወቅት ነው።

ያልተብላላ ፍግ በቀጥታ መጠቀም አይመከርም። የግድ ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬ ከሚለቀምበት ቀን ቢያንስ 120 ቀን አስቀድሞ በአፈር ውስጥ መቀበር አለበት፤ ምክንያቱ በፍግ ውስጥ ያሉት የሆድ በሽታ ተሕዋስያን ናቸው።

ጉድጓዱ

በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ባለፉት 3 ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ በርበሬ ወይም ደበርጃን ያልነበረበት ቦታ ይምረጡ። እነዚህ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸውና በሽታ ይዋዋሳሉ።

መጀመሪያ ውሃ የሚሰርግ መሆኑን ይፈትሹ። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፣ እስኪሰርግ ይጠብቁ፣ እንደገና ይሙሉትና ሰዓት ይያዙ። በሰዓት ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከወረደ መልካም ነው። ሳይወርድ ከዋለ እዚያ ቦታ ላይ በጥልቀት መቆፈር ውሃ የሚቋጥር ገንዳ ማበጀት ነው። በዚህ ጊዜ ከመሬት ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ።

ለአንድ ተክል 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፍሩ፤ ይህ 180 ሊትር ያህል አፈር ነው። የላይኛውን ጠቆር ያለ አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል ያኑሩ። ሸክላነት ባለው አፈር ላይ ግድግዳው በአካፋ ተለስልሶ እንዳይቀር በመቆፈሪያ ይጫሩት፤ ሥሩ ለስላሳ ግድግዳ ሲያገኝ አልፎ ከመሄድ ይልቅ ጉድጓዱ ውስጥ ይዞራል። የጉድጓዱን ወለልም በአትክልት ሹካ ጥርስ ልክ ነቅንቀው ያላሉት።

አፈሩን ሲመልሱ 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ብስባሽ ይቀላቅሉበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ጉድጓዱን በሙሉ በብስባሽ ይሞላዋል። ብስባሽ መብላላቱን ስለማያቆም በወቅቱ መካከል አፈሩ ይሰምጣል፣ ተክሉም አብሮ ይወርዳል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ በዙሪያው ካለው ጠጣር አፈር ውሃውን ሰብስቦ ይይዛል። ከአራት አንድ እጅ በቂ ነው።

ለቲማቲም የሚስማማው የአፈር ፒኤች (የኮምጣጣነት ልኬት) ከ6.2 እስከ 6.8 ነው። አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ ኖራ ይጨመራል፤ ኖራ ለመሥራት ወራት ስለሚፈጅበት ቀደም ብሎ ነው የሚገባው። የእንጨት አመድ ፈጥኖ ይሠራል፣ ፖታሲየምም አለው፤ ነገር ግን ፒኤቹ ሳይታወቅ በየጊዜው መነስነስ ብረትና ማንጋኒዝ ከተክሉ እንዲርቁ ያደርጋል። የእንቁላል ቅርፊት ብዙ ይወራለታል፤ ለመበስበስ ከአንድ ወቅት በላይ ስለሚወስድ ዘንድሮ ለተተከለው ተክል የሚያደርገው ነገር እምብዛም ነው።

የተሞላው ጉድጓድ ከ3 እስከ 4 ሳምንት በጉዝጓዝ ተሸፍኖና እርጥበት ሳያጣ ይቆይ። አፈሩ የሚረጋውም የመሬት ትሎች የሚገቡበትም በዚህ ጊዜ ነው።

ችግኙና አተካከሉ

ዘሩ ከ6 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራል። ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ባለው አፈር ከ6 እስከ 10 ቀን ይበቅላል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ግን አይነሳም። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ወደ ሰፊ ጣሳ ይዛወራል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ለመተከል ይደርሳል። የሚፈለገው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመትና የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ አበባ ያላወጣ ችግኝ ነው። አበባ ካወጣ አበባውን ይቁረጡ፤ ተክሉ ሥር መስደድ ባለበት ሰዓት ፍሬ ለማሳደግ እንዳይደክም ነው። ከመተከሉ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ከፀሐይና ከነፋስ ጋር ያላምዱት። ይህን ያላለፈ ችግኝ በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

ማለዳ ላይ በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የአፈሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። በቀዝቃዛ አፈር የተተከለ ችግኝ የቅጠሉ ጀርባ ሐምራዊ ይሆናል። ፎስፈረስ የጎደለ ይመስላል፤ ጉዳዩ ግን ሥሩ በብርዱ ምክንያት መውሰድ አለመቻሉ ነው።

የቲማቲም ግንድ አፈር ሲነካው ከራሱ ሥር ያወጣል፤ ትልቅ ተክል የሚፈልግ ሰው ይህን ተፈጥሮ በሙሉ ሊጠቀምበት ይገባል። የታችኛዎቹን ቅጠሎች አስወግደው የግንዱን ሁለት ሦስተኛ ይቅበሩ። ችግኙ ቀጭንና ረጅም ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ አጋድመው ጫፉን ብቻ ቀና ያድርጉት፤ ከላይ ያለው አፈር ስለሚሞቅ ሥሩ ቶሎ ይወጣል። በሌላ ተክል ሥር ላይ ተገጥሞ የተከተበ ችግኝ ግን መገጣጠሚያው ከአፈር በላይ መቅረት አለበት፤ ከተቀበረ የላይኛው ግንድ የራሱን ሥር ያወጣና የመከተቡ ጥቅም ይቀራል። በችግኙ ዙሪያ ከአፈር በላይ 5፣ ከአፈር በታች 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የወፍራም ወረቀት ቀለበት ማድረግ ቆራጭ ትል ሌሊት ግንዱን ከሥሩ እንዳይበጥሰው ይከላከላል።

በተክሎች መካከል 1 ሜትር፣ በረድፎች መካከል ከ120 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። በመጀመሪያው ወር ባዶ ቦታው ያሳሳል፤ በ3ኛው ወር ግን ያ ቦታ ትርፍ ሆኖ አይታይም።

ድጋፍ

ድጋፉ በተከሉበት ዕለት ይቁም፤ ዘግይቶ የሚሰካ እንጨት የተሰራጨውን ሥር ይበጥሳል። ለአንድ ግንድ 2.4 ሜትር እንጨት 60 ሴንቲ ሜትሩ ተቀብሮ ይበቃል። በጨርቅ ቅዳጅ ሲያስሩ በግንዱና በእንጨቱ መካከል አንድ ጊዜ አቆላልፈው፣ ግንዱ እንዲወፍር ላላ አድርገው ነው። ብዙ ግንድ ለሚተውለት ተክል የሚሻለው የአርማታ ብረት መረብ ነው። ቀዳዳው 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 1.5 ሜትር ከፍታና 1.6 ሜትር ርዝመት ያለውን ክብ አድርገው ቢያስሩት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀፎ ይወጣዋል። ከጎኑ ሁለት ካስማ ይትከሉለት፤ ፍሬ የያዘ ተክል በነፋስ ጊዜ ቀፎውን ይዞት ይወድቃል።

ውሃና ጉዝጓዝ

ቲማቲም ከውሃ ማነስ ይልቅ ከውሃ መለዋወጥ ይበልጥ ይጎዳል። በሳምንት ከ25 እስከ 40 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በካሬ ሜትር ከ25 እስከ 40 ሊትር መነሻ ነው። በሞቃት ወቅት ፍሬ የያዘ ትልቅ ተክል ከዚህም በላይ ይጠጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በየ2 ወይም 3 ቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ከዚያ በኋላ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርገው ያጠጡ። በየቀኑ ላይ ላዩን የሚጠጣ ተክል ሥሩን ላይ ያስቀራል፣ አንድ ቀን ሲዘነጋም ይጠወልጋል። ከማጠጣትዎ በፊት በጣት ወይም በትንሽ አካፋ 10 ሴንቲ ሜትር ወደታች ይፈትሹ፤ እርጥብ ከሆነ ይቆይ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ አመሻሽ ላይ ከተመለሰ ሙቀቱን እየተቋቋመ ነው፤ ጠዋትም እንደጠወለገ ካደረ ግን ውሃ ጠምቶታል ወይም ሥሩ ታሟል።

ውሃው ጠዋት፣ ከግንዱ ሥር፣ ቅጠል ሳይነካ ይፍሰስ። የጠብታ መስኖ ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም።

የፍሬው የታች ጫፍ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ሲደርቅ ካልሲየም ጎድሎታል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ በአፈሩ ውስጥ አለ። ወደ ፍሬው የሚጓዘው ከውሃ ጋር በመሆኑ ውሃው ሲቆራረጥ ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። ናይትሮጂን መብዛትም ያባብሰዋል፤ ቅጠሉ ውሃውን ይሻማልና። የተበላሹትን ፍሬዎች ያስወግዱ፣ ውሃውን ያስተካክሉ፤ ቀጣዩ ዘለላ ደህና ይሆናል። የፍሬ መሰንጠቅም ከድርቀት በኋላ በሚመጣ ብዙ ውሃ ይከሰታል።

አፈሩ ከሞቀ በኋላ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ፤ ከግንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ጉዝጓዝ እርጥበት ከመያዙ ሌላ የዝናብ ጠብታ አፈሩን ከነበሽታው ወደ ታችኛው ቅጠል እንዳይረጭ ይከለክላል።

መመገብ

የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች 2 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርገው 3 ሴንቲ ሜትር ብስባሽ በዙሪያው ያልብሱ፤ ይህን በየ4 ሳምንቱ ይድገሙ። ከዚያ በፊት ጉድጓዱ በደንብ ከተዘጋጀ ምንም አይፈልግም። ግንዱ ከመጠን በላይ ወፍሮ፣ ቅጠሉ ጠቁሮና ወደታች ተጠቅልሎ አበባ ከጠፋ ናይትሮጂን በዝቷል፤ የዶሮ ኩስ አብዝቶ የሚጨምር ሰው ይህ ያጋጥመዋል። የታችኛዎቹ ቅጠሎች እኩል ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጂን አንሷል። ቢጫነቱ በደም ሥሮቹ መካከል ብቻ ከሆነ ማግኒዥየም ነው።

መግረዝ

በቅጠሉና በግንዱ ብብት የሚወጣው ቡቃያ ራሱን የቻለ ግንድ ይሆናል። ለትልቅ ተክል ሁለት ግንድ ጥሩ ነው፤ ከመጀመሪያው የአበባ ዘለላ ልክ በታች ያለውን ቡቃያ ትተው ሌሎቹን 5 ሴንቲ ሜትር ሳያልፉ በጣት ይቀንጥሱ። ያመለጠና የወፈረ ካገኙ ከሥሩ አይቁረጡት፤ ሁለት ቅጠል ትተው ጫፉን ብቻ ይውሰዱ። ፍሬን ከሚነድ ፀሐይ የሚጋርደው ቅጠል ነው፤ አብዝቶ የሚገርዝ ሰው ፍሬው ነጭ ሆኖ ሲቃጠል ያያል። ተክሉ ከ1 ሜትር ሲያልፍ ከታች 30 ሴንቲ ሜትር ያሉትን ቅጠሎች በሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያንሱ። ሥራው ቅጠሉ በደረቀበት ሰዓት፣ እጅን በሳሙና ታጥቦ ነው፤ ትምባሆ የነካ እጅ ሞዛይክ ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ውርጭ የሚመጣበት ቦታ ከሆነ ከዚያ 5 ሳምንት ቀደም ብለው የግንዶቹን ጫፍ ይቁረጡ፤ ያሉት ፍሬዎች ይደርሳሉ።

አበባው ከረገፈ መጀመሪያ ሙቀቱን ይመልከቱ። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ወይም ቀኑ ከ35 በላይ ሲሆን ብናኙ አይሠራም። ከረፋድ በኋላ ድጋፉን ነካ ነካ ማድረግ ብናኙን ያራግፋል።

በሽታና ተባይ

በታችኛው ቅጠል ላይ ቀለበት በቀለበት የሆነ ቡናማ ነጥብ አልተርናሪያ የሚባል ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉን ያስወግዱ፣ አየር ያስገቡ፣ ተክሉ ይቀጥላል። ቅጠሉና ግንዱ ላይ ውሃ የጠጣ የሚመስል ጥቁር ምልክት፣ በማለዳ ጀርባው ላይ ነጭ ሻጋታ ይዞ ከታየ ግን ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ የሚባለው የድንችና የቲማቲም በሽታ ነው። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድ የድንች ሰብሏን ያጣችው በዚሁ ነው። በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ተክሉን በቀናት ውስጥ ያወድመዋል። የታመመውን ተክል ነቅለው በከረጢት ያርቁ፤ ሊያድኑት ሲሞክሩ ጎረቤቶቹን ያጣሉ። ለተፈጥሮ እርሻ የተፈቀደው የመዳብ ርጭት የሚሠራው በሽታው ሳይገባ ሲረጭ ብቻ ነው፤ መዳቡም በአፈር ውስጥ እየተጠራቀመ የመሬት ትሎችን ስለሚጎዳ መደጋገሙ ትክክል አይደለም።

ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት የጠወለገን ተክል ከሥሩ አጠገብ ቆርጠው በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያንጠልጥሉት። በጥቂት ደቂቃ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከወረደ የባክቴሪያ ጠውልግ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ሥሩ ላይ እብጠት እብጠት ካለ ኔማቶድ ነው። በሞቃት ወቅት እርጥብ አፈርን በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መሸፈን ሁለቱንም ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ነጭ ዝንብ በራሱ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ የሚያመጣው ቅጠል የሚጠቀልል ቢጫ ቫይረስ ይከፋል። ችግኙን በደቃቅ መረብ ውስጥ ማሳደግ ዋናው መከላከያ ነው። ጫፉ ተጨማዶ ቢጫ የሆነ ተክል ካዩ ይንቀሉት። ክሽክሽን በውሃ ግፊት ማራገፍ ይበቃል፤ ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና አመሻሽ ላይ፣ የቅጠሉን ጀርባ እያነጣጠሩ ይርጩ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል።

ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የእሳት ራት ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ በ2006 እ.ኤ.አ. ስፔን ከገባች በኋላ በብዙ አገር ተሰራጭታለች። ትሏ ቅጠሉን በሁለቱ ቆዳዎች መካከል እየፋቀች ነጭ መስኮት ታበጃለች፣ ከዚያ ወደ ፍሬው ትገባለች። የተፋቀውን ቅጠል ገና ሲጀምር ለቅመው ያጥፉ፣ የፌሮሞን ወጥመድ (በሴቷ ሽታ ወንዶቹን የሚስብ) ይስቀሉ፣ ትሎቹ ትንንሽ እያሉ ቢቲ የሚባለውን ባክቴሪያ አመሻሽ ላይ ይርጩ፤ ፀሐይ ፈጥኖ ያበላሸዋል።

መልቀም

ፍሬው ከታች በኩል ሮዝ መሆን ሲጀምር ቢለቀም በክፍል ውስጥ ጣዕሙን ሳያጣ ይቀላል፤ ወፍና ስንጥቅም አያገኙትም። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቀዩ ቀለም በትክክል ስለማይሠራ በዚያ ጊዜ ቀድሞ መልቀም ይሻላል። ያልበሰለውን ከ12 ዲግሪ በታች አያስቀምጡ።

ዘር የሚያስቀሩ ከሆነ ዲቃላ ካልሆነ ዝርያ፣ ከጤነኛውና ከጠንካራው ተክል ይምረጡ። ፍሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ ዘሩን ከነጭማቂው በብርጭቆ ከ2 እስከ 3 ቀን ያብላሉት፣ የሚንሳፈፈውን ደፍተው የሰመጠውን ያጥቡ፣ በሳህን ላይ በጥላ ያድርቁ። በወረቀት ላይ ከደረቀ ይጣበቅና አይላቀቅም። ስሙንና ዓመቱን ጽፈው በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ካኖሩት 4 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል።